መቶ አርባ ሚሊ

በዚያ ማክሰኞ ይመር ሁሴን ትብለጥን ከመምታቱ በፊት ሦስት ሰው መትቶ ነበር፤ ሁለቱን ጭናቸው ላይ፣ አንዷን ክንዷ ላይ። ቆመጡ እያንዳንዱን ምት ከነኃይሉ ስለሚመዘግብ መታ አልመታም የሚል ክርክር ኋላ አልተነሳም። ሦስቱም ምቶች ደንቡ የሚፈቅዳቸው ነበሩ። ይመር በሥራው በጭካኔ ስሙ የሚነሳ ሰው አልነበረም። በሰባት ዓመት ውስጥ አጥንት የሰበረው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ጣት ነበር።

ዘመኑ 2081 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ አገሩ ኮምቦልቻ ነው። የባትሪው ፋብሪካ ያን ጊዜ ከቦርከና ዳር ተነስቶ እስከ ተራራው ግርጌ ደርሶ ነበር። የጥበቃው የይመር ቦታ በር ሰባት ነው። ከበሩ ወዲያ አራት መቶ ሴቶች ከራስ እስከ እግራቸው በነጭ ተሸፋፍነው ባትሪ የሚደረድሩበት ደረቁ አዳራሽ አለ። የዚያ አዳራሽ አየር እርጥበት አይወድም። በሩ ያለ ሰዓቱ አንዴ ከተከፈተ የዚያ ሰዓት ምርት ይጣላል። ስለዚህ ሽንት ቤት የሚኬደው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያወጣው ደግሞ ቀመሩ ነው።

ጠዋት ሲገቡ ሴቶቹ ይመዘናሉ። የሚጠጡት ውሃ ተለክቶ ይሰጣቸዋል። እጃቸው ላይ ያለው አምባር ላባቸውን፣ የልብ ምታቸውንና የተጎነጩትን ይቆጥራል። ቀመሩ የእያንዳንዷን ዕድሜ፣ ክብደት፣ የኩላሊቷን ፍጥነትና የፊኛዋን መለጠጥ ደምሮ ቀንሶ ሽንቷ የሚመጣበትን ደቂቃ ያወጣል። ደቂቃው ሲደርስ በሩ ራሱ ይከፈታል፤ ዘጠና ሴኮንድ ቆይቶ ራሱ ይዘጋል። ድሮ ከእምብርት በታች የሚለጠፍ መለኪያ ነበር አሉ፤ የውስጡን ውሃ እያየ ለቀመሩ የሚነግር። ቀመሩና መለኪያው ሁለት ዓመት ሲተያዩ ልዩነታቸው ከአንድ ማንኪያ ስላልበለጠ መለኪያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የማንም ሆድ ታይቶ አያውቅም።

ሴቶቹ «ሽንቴ መጣ» ማለት ትተው «ተራዬ ደረሰ» ይላሉ። እሑድ በገዛ ቤታቸው እንኳ መጀመሪያ ሰዓት አይተው ነው ከመቀመጫቸው የሚነሱት።

ጥበቃዎችም አምባርና ተራ አላቸው። የይመር ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። በዚያ ማክሰኞም በሰዓቱ ሽንት ቤት ገብቶ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ጠብ አለ፤ ቆመ። ደግሞ ጠብ አለ። ፊት ለፊቱ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከዘጠና ወደ ዜሮ ወረደ። ሲያልቅ ስክሪኑ «ተጠናቋል፤ ፊኛ ባዶ» ብሎ ጻፈ። ይመር ቀበቶውን በስሱ፣ ከሆዱ በላይ ከፍ አድርጎ አሰረና ወደ በሩ ተመለሰ።

እንዲህ ከሆነ ስምንት ወሩ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበርና አባቱንም በዚሁ ዕድሜ ሽንት እንደያዘው ያውቃል። ከእምብርቱ በታች ድንጋይ የተሸከመ ይመስለዋል። ሲስቅ ያመዋል፤ ሲጎነበስ ያመዋል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሶፊያ ውሃ አሙቃ በጨርቅ ትይዝለታለች፤ ከእሷ በቀር የሚያውቅበት የለም። ሕመም የተመዘገበበት ጥበቃ ቆመጥ አይይዝም፤ ወደ ጓሮው መጋዘን ይላካል። ይመር ደግሞ በሰፈሩ «የበር ሰባቱ» እየተባለ የሚከበር፣ ሠርግ ቤት ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። መጋዘን መውረድ አልሆነለትም።

ሴቶቹ ምክንያቱን ባያውቁትም ነገሩን ታዝበውታል። «ከአምስት ሰዓት በኋላ ይመርን አትቅረቡት» ይባባሉ ነበር።

ትብለጥ አያሌው የመጣችው ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የሰባት ወር ሕፃን አላት። ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ነው የወለደችው። ከወሊድ ስትመለስ ቀመሩ አዲሱን ክብደቷን መዝግቧል፤ ምጡ ውስጧን ምን እንዳደረገው ግን የጠየቃት አልነበረም።

«ጋሽ ይመር፣ ይክፈቱልኝ» አለች።

ይመር ሰሌዳውን አየ። ትብለጥ አያሌው፤ 140 ሚሊ፤ ለተራ የቀረ፦ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

«ተራሽ ገና ነው። ተመለሽ።»

«አላስቻለኝም። በእናትዎ።»

«መቶ አርባ ነው የያዝሽው። መቶ አርባ ሕፃንም ይችለዋል።»

«ቀመሩ እኮ አያውቅም፣ ጋሼ። ከወለድኩ ወዲህ አይወጣልኝም። ገብቼ ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። ባዶ ነሽ ይለኛል፤ እኔ ግን እንደ ሞላሁ ነው የምወጣው። እንደገና ከዜሮ ይቆጥርብኛል። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይረዱልኝ።»

ይመር አንድ በአንድ ሰማት። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ይራራል ይባላል፤ እሱ ግን አልራራም። የገዛ ምስጢሩን ሰው ፊት ያወጣችበት መሰለውና ደሙ ፈላ።

«ዝም በይ!» አለ። «ወደ ቦታሽ!»

ትብለጥ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች። ከበሩ በላይ ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት ቢጫ ሆነ። ይመር ቆመጡን አውጥቶ ጭኗን መታት። አልለቀቀችም። ደገማት። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወደሱ ዞረች፤ እጇ ግን የኋሊት እጀታውን እንደያዘ ነው። ሦስተኛውን ከእምብርቷ በታች አሳረፈው።

አልጮኸችም። አፏን ከፍታ ስታየው ቆየች። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ባንድ ጊዜ ረገበ።

«ለቀቀኝ» አለች። «ጋሼ፣ ለቀቀኝ እኮ።»

የሸናች መስሏት ወደ እግሯ ጎንበስ ብላ አየች። ልብሷ ደረቅ ነበር። ግራ በመጋባት ሆዷን ዳሰስ አደረገችና ወንበሯ ድረስ በራሷ እግር ሄደች።

አርባ ደቂቃ ሠራች። በአርባ ደቂቃ ውስጥ የደረደረችው ከሌላው ቀን አላነሰም። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ስምንት ሰዓት ከሁለት ላይ ተራዋ ደርሶ በሩ ተከፈተ፤ ዘጠና ሴኮንድ ቆየ፤ ማንም አልወጣም፤ ተዘጋ። ከጎኗ የምትቀመጠው ዘምዘም ትከሻዋን ስትነካት ልብሷ በላብ ርሷል፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

ትብለጥ በከተማው ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆይታ ዓርብ ጠዋት ሞተች።

ወሬው አዳራሹ የደረሰው በምሳ ሰዓት ላይ ነው። ዘምዘም ከወንበሯ ተነሳች። ከፊቷ ያለውን የብረት ትሪ ባትሪውን ደፍታ በሁለት እጇ ያዘችው። ከኋላዋ ያለችው ተነሳች፤ ከዚያ ሌላዋ። ይመር ያን ሰዓት ከበሩ ውጭ ስለነበር በመስታወቱ ሲያያቸው ለመሮጥ ጊዜ ነበረው። ግን እነዚህ ሴቶች ያለ ተራቸው ሲነሱ አይቶ አያውቅምና የሚያየውን አላመነም።

በሩን በወንበር ገነጠሉት። የእርጥበት ደወሉ ይጮሃል፤ ጆሮ የሰጠው የለም። የመጀመሪያው ትሪ አፉ ላይ ሲያርፍ ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ወደ ውስጥ ጎትተው ወለሉ ላይ ጣሉት። በጫማ፣ በትሪ፣ በወንበር እግር ወረዱበት። ጎኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማ። ይመር ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን ትቶ በሁለት እጁ ከእምብርቱ በታች ያለውን ሸፈነ።

ዘምዘም አየችው።

«እዩት!» አለች። «እዩት፣ ምኑን እንደሚሸፍን! ያውቅ ነበር! የት ሲመታ እንደሚገድል ያውቅ ነበር! እጁን አንሱልኝ!»

ሁለት ሴቶች ክንዱን ይጎትቱ ጀመር። በዚያው ቅጽበት የበር ስድስትና የበር ስምንት ጥበቃዎች ደረሱ። ከዚያ በኋላ የሆነው አራት ደቂቃ ፈጅቷል። ዘጠኝ ሴቶች አጥንታቸው ተሰበረ፤ አንዲቷ አንድ ዓይኗ ጠፋ። የጥበቃዎቹ ቆመጦች በጠቅላላው ሁለት መቶ ስድስት ምት መዝግበዋል።

ይመር የተኛው በፋብሪካው ክሊኒክ ነው። ጥርሱንና ጎድኑን አከሙለት። ሆዱን የዳሰሰው አልነበረም፤ ከራስጌው ያለው ስክሪን «ፊኛ፦ 90 ሚሊ» ስለሚል የሚዳሰስበት ምክንያት አልነበረም።

በማግስቱ የቀመሩ ኃላፊ ኢንጂነር ናሆም ሊጠይቀው መጣ። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እንኳን ተረፉ፣ ጋሽ ይመር። ደስ የሚል ዜና ይዤ ነው የመጣሁት። ነጻ ነዎት።»

«ከምን?»

«ከሞቷ። ሲመቷት የያዘችው መቶ አርባ ሚሊ ነው። ፊኛ እንዲህ ጎድሎ ሳለ በቆመጥ ምት አይቀደድም። ኳስ ይበሉት፤ ነፋስ ያልሞላውን ኳስ ቢረግጡት ይተኛል እንጂ አይፈነዳም። እንዲቀደድ ቢያንስ ስድስት መቶ መያዝ ነበረባት። ቀመሩ ነጻ አወጣዎት።»

«እና በምን ሞተች?»

«ቀድሞ በነበረባት ሕመም። የሥራ አደጋ አጣሪ ጉባኤ ሰኞ ሳምንት ይቀመጣል። እርስዎ የሚጠበቅብዎ ይቺን ወረቀት መፈረም ነው፤ ደንቡን ጠብቀው እንደ መቱና ሕመም እንደ ነበረባት እንዳላወቁ የሚል።»

ይመር ጣሪያውን አየ። «እኔስ አሁን ስንት ይዣለሁ?»

ናሆም ፈገግ ብሎ ወደ ራስጌው ተመለከተ። «መቶ ሃያ። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለ ይመር። ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።

ቤቱ ከገባ በኋላ ስምንት ቀን ከደጁ አልወጣም። ሶፊያ አጥሚት ታጠጣዋለች። ሰው እንዲጠይቀው ብትጠብቅ ከጎረቤት አንድም ዝር አላለም። አንድ ቀን፣ የሞቀውን ጨርቅ ከሆዱ ላይ ስታነሳ፣ «ሶፊያ፣ እሷ እኮ እንደኔ ነበረች» አላት። ሶፊያ ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«አውቀህ ነበር?»

«ነገረችኝ። ነግራኝ ነው የመታኋት።»

ሶፊያ ጨርቁን ውሃው ውስጥ ጥላ ከክፍሉ ወጣች።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው በር በርግጫ ተከፈተ። የገባው የትብለጥ ታላቅ ወንድም ደርበው ነው። በያጅ ነው፤ ክንዱ ላይ የብልጭታ ጠባሳ አለ፤ በቀኙ አንድ ክንድ የሚሆን ፌሮ ይዟል። ሶፊያ መሐል ስትገባ በግራ እጁ ገፋ አደረጋት፤ አጥሩ ሥር ወደቀች።

ይመር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አልተነሳም።

«ከሆዷ ውስጥ ሽንት ሲቀዳ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ደርበው። «ሁለት ሊትር! ሁለት ሊትር ከሆዷ ሲወጣ እጇን ይዤ ነበር። እናንተ ደግሞ ሕመምተኛ ነበረች ብላችሁ ጻፋችሁ። ፈርመሃል አሉ።»

«ፈርሜያለሁ።»

ፌሮው ወረደ። ይመር ግራ እጁን አንስቶ ነበርና አንጓው ላይ አረፈ፤ የአጥንቱ ድምፅ ግቢው ውስጥ ተሰማ። ደርበው ደግሞ ሲያነሳ ሶፊያ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። በዚያ መሐል፣ ፌሮው አየር ላይ እንዳለ፣ ደርበው ድንገት ሌላ ነገር ጠየቀ።

«ምን አለች?»

«መቼ?»

«ስትመታት። ሐኪም ቤት ከገባች ጀምሮ መናገር አልቻለችም። ምን ብላ ነበር?»

ይመር የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ አሰበ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ያንን አሰበበት።

«ለቀቀኝ አለች» አለ። «የዳነች ነው የመሰላት። ጋሼ ለቀቀኝ አለችኝ። ያመሰገነችኝ ትመስል ነበር።»

ደርበው ፌሮውን ጣለ። በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ካለቀሰ በኋላ ተነስቶ ይመርን አፉ ላይ አንዴ በቡጢ መታውና ወጥቶ ሄደ። ፌሮውን አላነሳውም።

ሶፊያ ይመርን ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰደችው፤ የፋብሪካው ክሊኒክ እሑድ ዝግ ነው። እዚያ የተቀበለችው ሲስተር መዲና ናት፤ ጡረታዋ የቀረበ፣ እጇ ፈጣን፣ ንግግሯ አጭር። ትብለጥንም የተቀበለቻት እሷ ነበረች። ይመርን አወቀችው፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። እጁን በጀሶ ከጠቀለለች በኋላ አስተኝታ ሸሚዙን ገለጠችና መዳፏን ሆዱ ላይ አሳረፈች። እንዲህ ሆዱን በእጅ የነካው ሐኪም ከጎልማሳነቱ ወዲህ አልነበረም። የመዳፏ ክብደት ብቻ እንባ አመጣበት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «እስከ እምብርት ደርሷል እኮ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስምንት ወር።»

«ስምንት ወር ሙሉ! ኩላሊት የለዎትም እንዴ የሚያዝኑለት? ቱቦ አሁኑኑ ይገባል።»

«አሁን አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

ይመር በደህናው እጁ አምባሩን አሳያት። ቁጥሩ ዘጠና አምስት ይላል። ሲስተር መዲና ቁጥሩን አየች፤ ሆዱን አየች። ደጋግማ አየች።

«የሷም እንዲህ ነበር የሚለው?»

«መቶ አርባ።»

ሸሚዙን መልሳ አለበሰችው። «ነገ ጉባኤው ላይ ለምስክርነት ተጠርቻለሁ» አለች።

«አውቃለሁ። ቱቦውን ይዘው ይምጡ።»

«ይሄ ነገር ከወጣ እርስዎን ነው የሚያንቅዎት፣ ገባዎት? አሁን ነጻ ነዎት። ያኔ ነፍሰ ገዳይ ነዎት።»

«ገብቶኛል።»

«እስከ ነገ ሊፈነዳም ይችላል።»

«ስምንት ወር የቻለ አንድ ቀን አያቅተውም» አለ ይመር።

የሥራ አደጋ አጣሪ ጉባኤው የተቀመጠው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነው። የተሰበረ ክንዳቸው በጀሶ የታሰረ ሴቶች ከኋላ ተደርድረው ቆመዋል። ዘምዘም ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ከፊት ነበረች። ደርበው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ውጭ በረንዳው ላይ ፖሊስ ሰልፍ ሠርቷል።

ናሆም ቀደመ። የቀመሩን መስመሮች ግድግዳው ላይ አሳየ፤ ይህ የፊኛዋ ግፊት፣ ይህ የግድግዳው ውጥረት፣ ይህ የቆመጡ ኃይል። መስመሮቹ ንጹሕ ነበሩ። ሲስተር መዲና ስለ ሁለቱ ሊትር መሰከረች። ናሆም በአክብሮት አዳመጣትና ከሞት በፊት በነበረው መመረዝ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም እንደሚችል አስረዳ። ሰብሳቢዋ፣ ሽበታም ሴት ናቸው፣ ማስታወሻ ያዙ። ከዚያ ይመርን ጠሩ።

ይመር ጎንበስ ብሎ፣ በትንንሽ እርምጃ መጣ። ጠዋት አራት ኩባያ ውሃ ጠጥቶ ነበር፤ ከዚያ ተራው ደርሶ አምባሩ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የፈረሙት ቃል የርስዎ ነው?» አሉት ሰብሳቢዋ።

«ፊርማው የኔ ነው። ኢንጂነር፣ እኔ አሁን ስንት ይዣለሁ?»

ናሆም ግራ ተጋባ። «ጋሽ ይመር፣ ይሄ ከጉዳዩ ጋር...»

«ይመልሱለት» አሉ ሰብሳቢዋ።

ናሆም ስክሪኑን ነካ። የይመር ስም ግድግዳው ላይ ወጣ። «መቶ አሥር ሚሊ።»

«እንግዲያው እዚሁ ልለካ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ናሆም ተቃወመ፤ ሰብሳቢዋ ከጎናቸው ካሉት ጋር ተንሾካሾኩና ፈቀዱ። ከመድረኩ ጥግ መጋረጃ ተጋረደ። ሲስተር መዲና ጓንቷን አጥልቃ፣ ቱቦዋንና ባለ ቁጥር ጆግ ይዛ ገባች። ከዚያ ይመር ባሰማው ድምፅ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ቀጥሎ የፈሳሹ ድምፅ መጣ።

«ሁለት መቶ» አለች ሲስተር መዲና ከመጋረጃው ጀርባ።

የፈሳሹ ድምፅ አልቆመም።

«አራት መቶ። ስድስት መቶ።»

ዘምዘም አፏን በእጇ ያዘች።

«ዘጠኝ መቶ። አንድ ሊትር። ሌላ ጆግ ስጡኝ።»

በሁለተኛው ጆግ ላይ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ሲስተር መዲና መጋረጃውን ገልጣ ሁለቱንም ጆግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ» አለች። «ቁጥሩን ያንብቡ።»

ሰብሳቢዋ ከጆጎቹ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ሁሉም አየ። ይመር ውስጥ ጠብታ በሌለበት በዚያች ደቂቃ ቀመሩ ስለሱ መቶ አሥራ ሦስት ይል ነበር። ናሆም ተነስቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ ቁጥሩን እንደማያውቀው ሰው ፊት ቆሞ ተመለከተው።

ይመር ቀበቶውን በአንድ እጁ እያሰረ ወጣ። ከስምንት ወር በኋላ ቀጥ ብሎ የቆመ ያኔ ነው።

«እሷም እንዲህ ነበረች» አለ። «መቶ አርባ አልያዘችም። ነግራኛለች። ገብቼ አይወጣልኝም፣ ከዜሮ ይቆጥርብኛል አለችኝ። እውነቷን መሆኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በየቀኑ ባዶ ነህ እየተባልኩ ሞልቼ የምውል እኔ ነኝ። አውቄ ነው የመታኋት። በዚህ እጄ።»

ቀኝ እጁን አነሳ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት «እግዚኦ!» ስትል ተሰማ።

ውሳኔው የተነበበው ከምሳ በኋላ ነው። ሠራተኛው ሁሉ በሰው እጅ እስኪመረመር ድረስ የፋብሪካው በሮች ሳይቆለፉ እንዲውሉ ታዘዘ። በኋላ ሲቆጠር እንደ ትብለጥ የሆኑ አርባ ሦስት ሴቶች ተገኝተዋል። ይመር ሁሴን በሰው መግደል ወንጀል ለፖሊስ ተላልፎ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሶፊያ ውሳኔውን ቆማ ሰማች፤ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና ቀድማው ወጣች።

በጀሶ ያለ እጁን ማሰር ስላልተቻለ ሁለት ፖሊሶች መሐል አድርገው አወጡት። በረንዳው ላይ ሕዝቡ ተጨናንቋል። ዘምዘም ፊቱ ላይ ተፋችበት። ምራቁን አልጠረገውም። ወዲያው ከግራ በኩል ደርበው ሰልፉን በትከሻው ጥሶ ወደ ይመር መጣ። ሊመታው ይሁን ሊያናግረው የሚያውቅ አልነበረም፤ ራሱ ደርበውም ዓመታት ቆይቶ ሲጠየቅ አላውቅም ነው ያለው። በሰልፉ ጫፍ የቆመው ፖሊስ ግን አልጠየቀም። ቆመጡን አወጣና ዝቅ አድርጎ፣ ከቀበቶ በታች፣ ሰነዘረ።

ይመር ያንን ምት ያውቀዋል። ሰባት ዓመት የሠራበት ነው፤ ከትከሻ ሲነሳ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ሳያስብ በቆመጡና በደርበው መሐል ገባ። ምቱ ከእምብርቱ በታች፣ እዚያው ቦታ አረፈ። ይመር ድምፅ ሳያሰማ ተንበረከከ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ።

ሲስተር መዲና ሰው እየገፋች ደርሳ ሸሚዙን ገለጠችና መዳፏን አሳረፈች። ጫን አለች፤ ጠበቀች፤ ደግማ ጫን አለች።

«ባዶ ነው» አለች። «ዛሬ ጠዋት ቢሆን ኖሮ ተከትሏት ነበር። አሁን ባዶ ነው፤ አልተቀደደም።»

ደርበው ከይመር ራስጌ ቆሟል። ፖሊሶቹ አልነኩትም። ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ የሰበረውን እጅ ትቶ በደህናው ብብቱ ሥር ይዞ፣ ሽቅብ ሳበው።

«ተነስ» አለው። «ገና ትታሰራለህ።»